ፈርምዌሩ ሲቋረጥ፦ የምናድነው ዲስኩን ነው ወይስ ፋይሉን?



የፈተና ሰሞን ነበር። ከዒሻ ሰላት በኋላ አንድ ወንድማችን ላፕቶፑን አቅፎ ወደ ዶርማችን መጣ። ፊቱን ስናይ መርዶ የደረሰው መስሎን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዲስኩ አምራች ያዘጋጀው ፕሮግራም «አዲስ ፈርምዌር አለ» አለው፤ እሱም እሺ ብሎ ተጫነው። የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ያለ ቻርጀር አንድ ደቂቃ አይቆይም። አፕዴቱ ገና ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ላፕቶፑ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ አሳየ። በዲስኩ ላይ የመመረቂያ ጽሑፉ ሦስት ምዕራፎችና ጀመዓው በአማና ያስቀመጠበት የሁለት ዓመት የደርስ ቅጂ ነበሩ።

ዶርም ውስጥ ምክር አይጠፋም። አንዱ «ፎርማት አድርገው» አለ። ሌላው የሞተ ዲስክ የሚያስነሳ ፕሮግራም ከኢንተርኔት እንደሚወርድ ነገረን። ሁለቱም የተናገሩት በቅን ልብ ነው። ነገር ግን የሁለቱም ምክር ቢሠራ እንኳ የምናገኘው ባዶ ዲስክ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ልናስተላልፍ የፈለግነው መልእክት አንድ ነው። ዲስኩና በላዩ ያለው ፋይል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱን የሚያድን እርምጃ ሌላውን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ እጃችንን ከመስደዳችን በፊት የትኛውን ማዳን እንደምንፈልግ መወሰን አለብን።

ፈርምዌር ምንድን ነው?

ኤስኤስዲ እንደ ደብተር ዝም ብሎ የሚጻፍበት ነገር አይደለም፤ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ መረጃው የሚቀመጥባቸው የፍላሽ ሜሞሪ ቺፖች አሉ። ሥራውን የሚመራ ኮንትሮለር የሚባል ፕሮሰሰርም አለ። ኮንትሮለሩ የሚሠራበት ፕሮግራም ነው ፈርምዌር የሚባለው።

የፍላሽ ሜሞሪ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ የሚጻፈው በትንሽ በትንሹ በገጽ ሲሆን የሚጠፋው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ብሎክ ተጽፎ የሚጠፋው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያረጃል። ስለዚህ ኮንትሮለሩ አንድ ቦታ ብቻ እንዳያረጅ መረጃውን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል፤ ምን የት እንዳለም በመዝገብ ይይዛል።

መድረሳ የቀራን ሰዎች በዚህ ምሳሌ ይገባን ይሆናል። በኪታብ የተሞላ ክፍል አለ እንበል። የክፍሉ ጠባቂ የኪታቦቹን ቅጠሎች ሁሉ ለያይቶ በተለያየ መደርደሪያ ያስቀምጣል፤ በየቀኑም ቦታቸውን ይቀያይራል። የትኛው ቅጠል የት እንዳለ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው፤ መዝገቡን ማንበብ የሚችለውም ጠባቂው ብቻ ነው። ፈርምዌር ሲበላሽ ጠባቂው ማንበብ ረሳ ማለት ነው። ቅጠሎቹ አልተቃጠሉም፤ ግን ማንም ሰብስቦ ኪታብ ሊያደርጋቸው አይችልም። በዚህ ላይ ብዙ ኤስኤስዲዎች መረጃውን በራሳቸው ቁልፍ ቆልፈው ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ቺፑን ነቅሎ ለብቻው ማንበብ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ታዲያ ለምን አፕዴት ይደረጋል?

«ካልተነካ አይበላሽም» ብሎ መተውም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በዓለም የታወቁ ሁለት ምሳሌዎችን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ክሩሻል የተባለው አምራች ኤም 4 ለተሰኘው ዲስኩ አዲስ ፈርምዌር አወጣ። ምክንያቱ ዲስኩ 5,184 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ምላሽ መስጠት ያቆም ስለነበር ነው። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ይሠራና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይቆማል። አዲሱ ፈርምዌር ይህን አስተካከለ።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ኤችፒ ኢንተርፕራይዝ በሰርቨሮች ላይ የሚሠሩ አንዳንድ ኤስኤስዲዎቹ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው እንደሚሞቱ አስታወቀ። ይህ 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ዲስኩም መረጃውም እንደማይመለሱ ገለጸ። ፕሮግራሚንግ የተማረ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ወዲያው ይጠረጥራል፦ 32,768 ማለት 2 በ15 ኃይል ነው፤ ነጌቲቭና ፖዘቲቭ የሚይዝ የ16 ቢት ቁጥር ደግሞ ከ32,767 በላይ መቁጠር አይችልም። በጊዜ አፕዴት ያደረገ ተረፈ። ስለዚህ ጥያቄው አፕዴት እናድርግ አናድርግ ሳይሆን እንዴት እናድርግ ነው።

አፕዴቱ የሚከሽፈው የት ላይ ነው?

አፕዴት ስናደርግ ፋይሉ መጀመሪያ ወደ ዲስኩ ጊዜያዊ ሜሞሪ ይገባል። ዲስኩ ፋይሉ የእሱ መሆኑንና አለመጉደሉን ይመረምራል። ከዚያ ለፈርምዌር በተለየ ቦታ ላይ ይጽፈዋል፤ እንደገና ሲነሳም በአዲሱ መሥራት ይጀምራል። አደገኛው ጊዜ ጽሑፉ የሚካሄድበት ነው። በኤንቪኤምኢ ደንብ አንድ ዲስክ እስከ 7 የሚደርስ የፈርምዌር ቦታ ሊኖረው ይችላል፤ ከአንድ በላይ ያለው ዲስክ አዲሱ ቢበላሽ ወደ አሮጌው የመመለስ ዕድል አለው። ርካሽ ዲስኮች ላይ ግን ይህ መከላከያ ላይኖር ይችላል።

ከመብራት መጥፋት ሌላ የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። አንዱ የሌላ ሞዴል ፋይል መጫን ነው፤ በአንድ ስም የሚሸጡ ዲስኮች ውስጣቸው የተለያየ ኮንትሮለር ሊኖር ይችላል። ሌላው ዲስኩን በዩኤስቢ ማቀፊያ አድርጎ አፕዴት ለማድረግ መሞከር ነው፤ ብዙ ማቀፊያዎች የአፕዴቱን ትእዛዝ በትክክል አያስተላልፉም። አንዳንዴም ዲስኩ አስቀድሞ ታሞ ነበር፤ አፕዴቱ የመጨረሻው ምክንያት ብቻ ሆነ።

ሲከሽፍ መጀመሪያ ምን እንይ?

ላፕቶፑን አጥፍተን ስናበራ ወደ ባዮስ እንግባ። ዲስኩ እዚያ እንዴት እንደሚታይ መንገዱን ይጠቁመናል።

አንደኛ፦ ስሙም መጠኑም ትክክል ከሆነ ደስ ይበለን። ኮንትሮለሩ ደህና ነው። ምናልባት አፕዴቱ ጭራሽ አልተካሄደም፤ ወይም ዊንዶውሱ ብቻ ነው የተጎዳው። ዊንዶውስ እንደገና ለመጫን አንቸኩል። ዲስኩን አውጥተን በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንግጠመው፤ ወይም ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ፋይሉን እንገልብጥ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ያስፈልገናል፤ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችን ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ሁለተኛ፦ ስሙ ተቀይሮ ወይም መጠኑ ዜሮ ወይም ጥቂት ሜጋባይት ሆኖ ከታየ፣ ኮንትሮለሩ ነቅቷል ግን ዋናውን ፈርምዌር መጫን አቅቶታል። ፋይሰን ኤስ 11 የሚባለውን ኮንትሮለር የሚጠቀሙ ርካሽ ዲስኮች በዚህ ጊዜ የራሳቸውን ስም ትተው «ሳታፈርም ኤስ 11» የሚል ስም ያሳያሉ። ይህ ስም ከታየ እጃችንን እንሰብስብ። ዊንዶውስ «ኢኒሻላይዝ» ወይም «ፎርማት» ይደረግ ብሎ ቢጠይቅ እምቢ እንበል።

ሦስተኛ፦ ጭራሽ ካልታየ፣ ቀላሉን እናስቀድም። ዲስኩን ነቅለን መልሰን በደንብ እንሰካው፤ በሌላ ኮምፒውተርም እንሞክረው። አንዳንድ ጊዜ ዲስኩ ያልሞተ፣ መዝገቡን ለማስተካከል ጊዜ የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ክሩሻል ለደንበኞቹ የሚመክረው ዘዴ አለ፦ ዲስኩ መረጃ ሳይጠየቅ ኮረንቲ ብቻ እንዲያገኝ አድርጎ 20 ወይም 30 ደቂቃ መተው፣ ከዚያ 30 ሰከንድ ነቅሎ እንደገና መድገም። በዴስክቶፕ የዳታ ገመዱን ብቻ መንቀል ነው፤ በላፕቶፕ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ገብቶ መቆየት። ይህ ፋይል አያጠፋም፤ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

ውሳኔው

እዚህ ድረስ ያልተመለሰ ዲስክ ሁለት መንገድ አለው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሄድ አይቻልም።

ፋይሉን የምንፈልግ ከሆነ ዲስኩን አጥፍተን መረጃ ወደሚያወጣ ባለሙያ እንውሰደው። ኮንትሮለሩን በልዩ መሣሪያ አንቅተው መዝገቡን ማንበብ የሚችሉበት ዕድል አለ። ስናስረክብ «ዲስኩ አያስፈልገኝም፤ ፋይሉን ነው የምፈልገው፤ ሳትጠይቁኝ ምንም አትጫኑበት» ብለን በግልጽ እንናገር። ይህን ሳይናገር የሰጠ ሰው «ተሠርቶልሃል» ተብሎ ባዶ ዲስክ ሊቀበል ይችላል። ጠጋኙም አልዋሸም፤ ዲስኩ በእርግጥ ተሠርቷል።

ዲስኩን የምንፈልግ ከሆነ ደግሞ ሁለት አማራጭ አለ። ዋስትናው ካላለፈ አምራቹ ሊቀይርልን ይችላል፤ ዋስትና ግን ዲስክ ይተካል እንጂ ፋይል አይመልስም። አለዚያ ጠጋኞች በፋብሪካ ፕሮግራም ፈርምዌሩን እንደ አዲስ ይጭኑታል። ይህ አሮጌውን መዝገብ ጥሎ አዲስ ባዶ መዝገብ መክፈት ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሉን መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ወንድማችንም በዚያች ሌሊት ምንም ሳይነካ ቁጭ ብሎ አሰበ። ዲስኩ ስሙን ቀይሮ ነበር የታየው። በማግስቱ ሁለቱን ምዕራፎች ለአማካሪው በላከው ኢሜይል ውስጥ አገኛቸው። ሦስተኛው ምዕራፍ ግን በዲስኩ ላይ ብቻ ነበር። ደርሶቹን በተመለከተ ለጀመዓው ግሩፕ በይፋ ተናገረ፤ «አማናችሁ በእጄ ሳለ ተጎድቷል» አለ። መናገሩ ቀላል አልነበረም። ከእህቶች በኩል ብዙዎቹ ቅጂዎች በስልካቸው ተገኙ፤ የተወሰኑት ሳይገኙ ቀሩ። ፋይል ለማውጣት የሚጠየቀውን ገንዘብ ከቀረው ጋር አመዛዝኖ፣ ከጀመዓው ጋርም ተመካክሮ፣ ዲስኩ እንዲሠራ ወሰነ። ዲስኩ ባዶ ሆኖ ተነሳ። ሦስተኛውን ምዕራፍ እንደገና ጻፈው። የከሰረው ጥቂት አልነበረም፤ ሆኖም ያጣውን አውቆና ወስኖ ነው ያጣው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈትቶ እንደሆነ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራት ከዚያ በአላህ እንዲመካ እንዳዘዙት በደርስ ሰምተናል። በእኛ ጉዳይ ማሰሩ እንዲህ ነው፦

– ከአፕዴት በፊት ፋይሉን ሌላ ቦታ እንገልብጥ። የሌላ ሰው አማና ከሆነ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።
– አዲሱ ፈርምዌር ምን እንደሚያስተካክል እናንብብ። ከባድ ችግር የሚፈታ ከሆነ አንዘግይ፤ ካልሆነ የፈተና ሰሞን እስኪያልፍ እንቆይ።
– ሆሳዕናም እንሁን ዱራሜ፣ ሾኔም እንሁን ሺንሺቾ፣ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስበን እንነሳ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ፈርምዌር አይነካም። ከባትሪው ደህና ከሆነ ወንድም ወይም እህት ላፕቶፕ መዋስ ይቻላል።
– የሞዴሉን ቁጥር አረጋግጠን የአምራቹን ፕሮግራም ብቻ እንጠቀም፤ ዲስኩም በዩኤስቢ ሳይሆን በቀጥታ ይገጠም።
– ቢትሎከር ካለ ቁልፉን ወረቀት ላይ እንጻፍ፤ እስኪያልቅም ለጊዜው እናቁመው።
– ከጨረሰ በኋላ ሙሉ በሙሉ አጥፍተን እናብራ፤ የፈርምዌሩ ቁጥር መቀየሩንም እንይ።

ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግ ይበቃናል፦ በላፕቶፑ ላይ ያለውን የሌላ ሰው ፋይል ይፈልግና ሁለተኛ ቅጂ ያስቀምጥለት። አላህ እውቀታችንን ይጨምርልን፤ አማናን ጠባቂዎችም ያድርገን፤ አሚን።