ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚወረወረው ጅረትና የዕውቀት አማና

 

የተከበራችሁ የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎና የአካባቢው አድማጮቻችን! ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ሳይንቲስቶች ማንም ሄዶ ያላየውን የሩቅ ጋላክሲ ነገር በኮምፒዩተር አወቅን ሲሉ የገይብ ዕውቀት ይገባናል ማለታቸው አይደለምን?» ዛሬ በአላህ ፈቃድ ይህን እንመለከታለን።

በአንዳንድ ጋላክሲዎች እምብርት እጅግ ከባድ ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል) አለ። ኤም 87 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ያለው 6.5 ቢሊዮን ፀሐዮችን ያህል ይከብዳል። ወደ እርሱ ከሚሳበው ጋዝ ከፊሉ በመግነጢሳዊ ኃይል ተገፍቶ፣ ለብርሃን በተቃረበ ፍጥነት፣ እንደ ቀጭን ጅረት ወደ ውጭ ይወረወራል። ይህን ጅረት አሜሪካዊው ሄበር ከርቲስ እ.ኤ.አ በ1918 አይቶ መዝግቦታል። ርዝመቱ ወደ 5 ሺህ የብርሃን ዓመት ይደርሳል።

ክረምት ላይ ደራሽ ውሃ ያየ የዴዴሳ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከኋላ የመጣው ፈጣን ውሃ ዝግተኛውን ሲደርስበት ተደራርቦ እንደ ግንብ ይነሳል። በጅረቱም ውስጥ ኋላ የተወረወረው ፈጣን ጋዝ ፊተኛውን ሲመታው የግጭት ሞገድ ይፈጠራል። ኤሌክትሮኖች በዚያ ኃይል አግኝተው ከሬዲዮ ሞገድ እስከ ጋማ ጨረር ይረጫሉ።

ይህን በቤተ ሙከራ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጅረቱን በኮምፒዩተር በጣም ብዙ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፍሉታል። በእያንዳንዱ ክፍል የሚገባውና የሚወጣው ቁስና ኃይል በአንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ ቅጽበት በቅጽበት ይሰላል። ከዚያም «ግምታችን ልክ ከሆነ ብርሃኑ እንዲህ መታየት አለበት» ይላሉ። ቴሌስኮፕ ሌላ ካሳየ ስሌቱ ይታረማል ወይም ይጣላል። በሀገራችንም በእንጦጦ እ.ኤ.አ በ2015 ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት መመልከቻ ተከፍቷል።

እንግዲህ ይህ የገይብ ዕውቀት አይደለም፤ ከደረሰን ብርሃን ተነስቶ የሚፈተን ግምት ነው። ግምትነቱ ግን አይዘንጋ። አንዳንድ ዱዓቶቻችን አዲስ የሳይንስ ወሬ በሰሙ ቁጥር «ይህማ በቁርኣን ተነግሯል» ለማለት ይቸኩላሉ። ነገ ስሌቱ ሲታረም ወጣቱ ማንን ይጠራጠራል? የአላህ ቃል አይለወጥም፤ የሰው ስሌት ይለወጣል።

አብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ በ964 ዛሬ አንድሮሜዳ የምንለውን ጋላክሲ እንደ ትንሽ ደመና ሲታይ መዝግቧል። ያየውን እንዳየው ስለጻፈ ከሺህ ዓመት በኋላም ጽሑፉ ይጠቅማል። እኛም ያየነውን «አየን»፣ ያሰላነውን «አሰላን»፣ ያላወቅነውን «አላሁ አዕለም» እንበል። አማናው ይህ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።