«ጋዙ አልቋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ለማስተማር ልምምድ ወደ መተሐራ ስንወርድ የሚኒባሱ ማቀዝቀዣ ሥራ አቁሞ በላብ ተጠምቀን መድረሳችን ይታወሳል። መኪናው ጋራዥ ሲገባ «ጋዙ አልቋል» ተባለና ተሞላ። ሁለት ወር ሳይደፍን እንደገና «አልቋል»! እንደገና ገንዘብ! ይህ ገንዘብ ለስንት ጠመኔና ወረቀት ይበቃ ነበር? ስለዚህ መካኒኮችን ጠይቀን፣ የፊዚክስ መጽሐፋችንንም ገልጠን የተረዳነውን እነሆ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ደረጃ ማቀዝቀዣ ብርድ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያጓጉዛል እንጂ። በእንስራ የተቀመጠ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? በሸክላው ላብ ሆኖ የወጣው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። መርፌ ከመወጋታችን በፊት በአልኮል ሲጠርጉን ቆዳችን ቅዝቅዝ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመኪናው ማቀዝቀዣም የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ልዩነቱ የሚተነው ነገር ታሽጎ እየተመላለሰ መሥራቱ ነው።

በሞተሩ ኃይል የሚዞረው ኮምፕሬሰር ጋዙን ሲጨምቀው ጋዙ ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲወድቅ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየተነነ የተሳፋሪውን ክፍል ሙቀት ይመጥጣል። ከዚያም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። በብዙ መኪኖች ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል።

እንግዲህ ልብ እንበል! ይህ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በብዙ ዓመታት ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ በሁለት ወር ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። መካኒኩን መጠየቅ ያለብን «ስንት ነው?» ብለን ብቻ ሳይሆን «በየት በኩል ወጣ?» ብለን ነው። ጋዙ ሲሾልክ ዘይትም አብሮ ስለሚወጣ፣ ቅባትና አቧራ የያዘው መጋጠሚያ አንድ ምልክት ነው። ከተጠገነ በኋላም አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ሳይወጣ ጋዝ መሞላት የለበትም።

ሹፌሩና እኛ ልናደርገው የምንችለው የሚከተለው ነው፤

ሀ/ በብርድ ወራትም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማሠራት፤ ዘይቱ ሲዘዋወር ጎሚኒዎቹ አይደርቁም።

ለ/ ኮንደንሰሩን ኃይል በሌለው ውሃ ማጠብ፤ በኃይለኛ ግፊት ከታጠበ ስስ ክንፎቹ ይጣመማሉ።

ሐ/ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት ወይም መለወጥ፤ የሚነፍሰው አየር ሲደክም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጋዝ ሳይሆን የዚህ ነው።

መ/ ሞተሩ ጠፍቶ የኮምፕሬሰሩ ቀበቶ አለመላላቱንና አለመሰንጠቁን መመልከት።

ሠ/ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ መስኮት ከፍቶ የጋለውን አየር ማስወጣት።

ከመኪናው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ንጹህ ውሃ ግን አያስደንግጠን፤ ከአየሩ የተጨመቀ እርጥበት ነው።

ቱቦውን ግን ማንም በገዛ እጁ እንዳይፈታ! የሚወጣው ፈሳሽ በቅዝቃዜው ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይንን ይጎዳል። አየር ላይ መልቀቁም ለሁላችን ጉዳት ነው። የቀድሞው አር-12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንዲቀር ተደርጓል። አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም፣ በክብደት ሲነጻጸር ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ ጊዜ በላይ ያሞቃል።

የእኛ ሚኒባስ በመጨረሻ ምን ተገኘበት? በቱቦ መጋጠሚያ ላይ የደረቀ አንድ ጎሚኒ! ዋጋው ከአንድ ጊዜ የጋዝ መሙያ እጅግ ያንሳል። ነገ ክፍል ገብተን ተማሪዎቻችንን «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ ልንል የምንዘጋጅ ሰዎች፣ ዛሬ ራሳችን ሳንጠይቅ ሁለቴ ከፈልን። ሦስተኛው እንዳይደገም አደራ!