የኡድ ጀማሪዎች፦ ከጣት በፊት ጆሮን የሚያሠለጥነው ትምህርት
ኡድ መማር የሚፈልግ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚወደውን አንድ ዜማ በልቡ ይዞ ወደ መምህሩ ይሄዳል። መምህሩ ግን ያንን ዜማ ወዲያውኑ አያስጀምረውም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሣሪያውን መያዝን፣ አውታሩን መምታትንና ከሁሉም በላይ ማዳመጥን በመለማመድ ያልፋሉ። ተማሪው የሚጸናው ወይም ተስፋ ቆርጦ የሚተወውም በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ከመሣሪያው አሠራር ይመነጫል። የዓረብ ኡድ በተለምዶ 11 አውታሮች አሉት፤ አሥሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወጠሩ አንዱ ወፍራም አውታር ለብቻው ይቆማል። በጊታር አንገት ላይ እንደሚታየው የጣትን ማረፊያ የሚለዩ የብረት መስመሮች የሉትም። ጣት በጥቂቱ ከቦታው ከሳተ ድምፁም ይስታል፤ ስሕተቱን የሚያርመውም የሠለጠነ ጆሮ ነው።

የግል መምህራን ትምህርቱን የሚጀምሩት ከአቀማመጥ ነው። የኡድ ጀርባ ክብ በመሆኑ በቀላሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሣሪያው በቀኝ ጭን ላይ ያርፋል፤ ቀኝ ክንድም ደግፎ ይይዘዋል። የግራ እጅ የአንገቱን ሸክም ከተሸከመ ጣቶቹ በነጻነት ሊንቀሳቀሱ አይችሉም። ጀማሪው ጣቶቹን ለማየት ሲል የኡዱን ፊት ወደ ላይ ሲያዘነብል መምህሩ በትዕግሥት ይመልሰዋል።

ቀጥሎ «ሪሻ» የሚባለው መምቻ ይመጣል። ተማሪው ባዶውን አውታር ወደ ታችና ወደ ላይ እየመታ፣ የሁለቱን ምቶች ጉልበት ማስተካከል ይለምዳል። ልምምዱ አሰልቺ ቢመስልም ያልጸና የቀኝ እጅ ኋላ ላይ እያንዳንዱን ዜማ ያበላሻል።

ከባዱ ፈተና መቃም ነው። «ራስት» የተባለው መቃም ሦስተኛ ድምፅ በፒያኖ ጥቁርና ነጭ ቁልፎች መካከል የሚወድቅ በመሆኑ በወረቀት ላይ ብቻ ሊማሩት አይቻልም። መምህሩ ድምፁን ይጫወታል፤ ተማሪው በአፉ ያንጎራጉረዋል፤ ከዚያም በጣቱ ይፈልገዋል።

ጆሮአቸው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ አምስት ድምፆች ላደገ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህ ድምፅ መጀመሪያ ላይ የተዛባ ሊመስላቸው ይችላል። አስተዋይ መምህር ተማሪው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ዜማ በኡድ ላይ እንዲፈልግ በማድረግ ይጀምርና ወደ አዲሱ ድምፅ ቀስ በቀስ ያሻግረዋል። ኡድ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ ዕውቁ ድምፃዊ አሊ ቢራ ከሚጫወታቸው መሣሪያዎች አንዱ ነበር።

ጀማሪን በደረጃ ማስተማር ረጅም ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 822 ኮርዶባ የገባው ዚርያብ መዝሙር ለሚማሩ ደቀ መዛሙርቱ ይከተለው የነበረውን ሥርዓት ታሪክ ጸሐፊው አል-መቃሪ መዝግቦታል። በዚያ መሠረት ተማሪው በቅድሚያ ምቱን ከነግጥሙ፣ ቀጥሎ ዜማውን፣ በመጨረሻም ማስጌጫውን ይማር ነበር። አፉን በሚገባ መክፈት ለሚሳነው ደግሞ ትንሽ እንጨት በመንጋጋው መካከል እንዲይዝ ይደረግ ነበር።

ዛሬም መምህራን በአንዳንድ ነገር ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ለጀማሪው በአንገቱ ላይ ምልክት ይለጥፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ዓይን ምልክቱን ከለመደ ጆሮ ይሰንፋል በማለት ይቃወማሉ። ኖታ ማንበብን ከመጀመሪያው ቀን የሚያስተምሩም፣ ለወራት የሚያዘገዩም አሉ።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ዕረፍት ላለው ሠራተኛ ትልቁ ጥያቄ የጊዜ ነው። በዕረፍት ቀን ለረጅም ሰዓት ከመድከም ይልቅ በየቀኑ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ መለማመድ ለጣትም ለጆሮም ይጠቅማል። መሣሪያውም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በበጋ ሙቀት መኪና ውስጥ የተተወ ኡድ ሊሰነጠቅ ይችላል። መቃኛው የሚንሸራተት ርካሽ ኡድም ትጉውን ተማሪ ያለ ጥፋቱ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት መምህሩ እንዲያየው ማድረግ ይበጃል።

የኡድ አሠራርና አጨዋወት ኢራንና ሶሪያ ባቀረቡት ጥያቄ በፈረንጆቹ 2022 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ቅርሱ የሚኖረው ግን ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ነው። የስልክ ቪዲዮ ጣት የት እንደሚያርፍ ያሳያል፤ የተማሪውን ድምፅ ሰምቶ «ጥቂት ዝቅ አድርገው» ሊለው ግን አይችልም። መምህር የሚመርጥ ጀማሪም የመምህሩን የጣት ፍጥነት ከማድነቁ በፊት፣ ተማሪውን ምን ያህል እንደሚያዳምጥ ሊመለከት ይገባል።