«ምን አስወጣት?»፦ በመንገድና በማድ ቤት የማይታመነው የእኅቶቻችን ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የተጻፈው የትዕማር ታሪክ የሚጀምረው ከሊጥ ነው። አምኖን የታመመ መስሎ ተኛ፤ እኅቱ መጥታ በፊቱ ምግብ እንድታዘጋጅለት አባቱን ንጉሥ ዳዊትን ለመነ። ንጉሡም ላካት። ሄደች፤ አቦካች፤ ጋግራም አቀረበችለት። ከዚያ በኋላ የደረሰባትን ግፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። በስብከታችን ቶሎ የምናልፈው ግን ወደዚያ ቤት የወሰዳትን ምክንያት ነው። ትዕማር የወጣችው አባቷን ታዝዛ ነው፤ የሄደችው ወደ ወንድሟ ቤት፣ በሽተኛ ልትረዳ ነው፤ የለበሰችውም በዘመኑ የንጉሥ ደናግል ልጆች የሚለብሱትን ልብስ እንደ ነበር መጽሐፉ ይነግረናል። «ምን አስወጣት? ምን ለብሳ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ሰበብ የለም። ይሁን እንጂ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት፤ ዳዊትም ሰምቶ ተቆጣ እንጂ አምኖንን ሲቀጣው አናነብም።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ የሚመስሉ ጉዳዮችን አንድ ላይ እናያለን፤ አንደኛው በከተሞቻችን መንገድ ላይ የሴቶች ደኅንነት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ስንዴና ወተት የማይስማማቸው ሰዎች በቤታችን ገበታ የሚገጥማቸው ችግር። በአዳማና በአካባቢዋ ከእኅቶች ጋር ስንነጋገር ሁለቱ ጉዳዮች ተያይዘው ይመጣሉ። በመንገድ ስለ ደረሰባት ነገር የምትናገር እኅት «አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ትባላለች። ዳቦ በበላች ቁጥር ሆዷን እንደሚያማት የምትናገርም «ቅብጠት ነው» ትባላለች። በሁለቱም ቦታ የተናቀው ቃሏ ነው።

የመንገዱ ነገር

አዳማ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ፣ እንዲሁም ወደ አሰላ የሚሄደው ሁሉ በእርሷ ያልፋል። ከሞጆ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል የሚጓዘው ምእመን አብዛኛው በአዳማ በኩል ነው የሚያልፈው። የመንገድ ከተማ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ነገር ግን ማንም ማንንም የማያውቅበት ሰዓት አላት። ያ ሰዓት ደግሞ እኅቶቻችን ለኪዳን የሚወጡበት፣ በፍልሰታም ለሰዓታትና ለማኅሌት የሚሄዱበት ሌሊት ነው።

አንዲት ወጣት ሌሊት 10 ሰዓት ከቤቷ ስትወጣ በልቧ የምትይዘው ብዙ ነገር አለ። መብራት ያለው መንገድ የትኛው ነው? ባጃጁ ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ ሰው አለ ወይ? ስልኩ ባትሪ አለው ወይ? የሚከተላት ሰው ካለ ማን ቤት ትገባለች? ወንድሟ ለዚያው ጸሎት በዚያው ሰዓት ይወጣል፤ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አስቦ አያውቅም። በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ለሴቶች ልጆች ስለ አለባበስና ስለ አካሄድ የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። ለወንዶች ልጆች ስለ ለከፋ፣ ስለ መከተል፣ እምቢ ያለችን ሴት ስለ መስደብ ስንት ጊዜ አስተማርን? ነጠላ ለብሳ፣ መጽሐፈ ቅዳሴዋን ይዛ የምትሄደው እኅት እኮ ትለከፋለች። ስለዚህ ነገሩ የልብስ እንዳልሆነ የሚለክፏት ሰዎች ራሳቸው እየመሰከሩ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ላይ ግልጽ ናቸው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ከቁጥር 25 ጀምሮ በሜዳ ሳለች በግፍ ስለ ተደፈረች የታጨች ብላቴና ሕግ ተሠርቷል። ሕጉ ሞት የሚፈርደው በደፋሪው ላይ ብቻ ነው፤ እርሷ ኃጢአት የለባትም ይላል፤ ነገሩንም ሰው ተነሥቶ ባልንጀራውን ከመግደሉ ጋር ያስተካክለዋል። ጮኻ የሚያድናት እንዳጣችም ይቆጥርላታል። ስለምን ወደ ሜዳ ወጣች የሚል ጥያቄ ሕጉ አላነሣም። ቅዱስ ባስልዮስም በቀኖናዊ መልእክቶቹ በኃይል የተደፈረች ሴት ነቀፋ እንደማይገባት ጽፏል። ቅድስት አርሴማን እናስታውስ፤ ዲዮቅልጥያኖስ በውበቷ ምክንያት ቢፈልጋት ሸሽታ አርማንያ ገባች፤ በዚያም ንጉሡ ድርጣድስ ሊያስገድዳት ሲሞክር እምቢ ብላ በሰማዕትነት ዐረፈች። መስከረም 29 በዓሏን ስናከብር ለምን ተዋበች ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሰማዕቷ ላይ የማንጠይቀውን በጎረቤታችን ልጅ ላይ የምንጠይቀው ለምንድን ነው?

የሀገራችን ሕግም ቢሆን ወደዚህ የደረሰው በብዙ ድካም ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ የሚድንበትን በር ክፍት አድርጎ ነበር። ያ በር የተዘጋው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። በመካከሉ የሆነውን ብዙዎች ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ፣ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገደለች፤ በግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆመውላት ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑ ታምኖ በነጻ ተሰናበተች። ታሪኳ እ.ኤ.አ. በ2014 ለታየው «ድፍረት» ለተሰኘው ፊልም መነሻ ሆኗል። በአማርኛችን ይህ ቃል ጀግንነትንም መደፈርንም የሚገልጽ መሆኑ ያስገርማል።

የተዘጋው ግን የሕጉ በር ነው። «ከተሜው ሁሉ ይወቅባት እንዴ? በሽምግልና ይለቅ» የሚለው የሰፈር ፍርድ አሁንም አለ። እዚህ ላይ እኛ አገልጋዮች ልንጠነቀቅ ይገባል። ዕርቅ የቤተ ክርስቲያን ጸጋ ነው፤ ወንጀልን መሸፈኛ ሲሆን ግን የአቤሴሎምን «ዝም በዪ» መድገም ይሆናል። የተጠቃች እኅት ወደ ንስሓ አባቷ ስትመጣ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ሐኪምና ፖሊስ ዘንድ አብሯት የሚሄድ ሰው ነው። ሕክምናው ፈጥኖ ካልተደረገ ከበሽታና ከሌላም ጉዳት የሚከላከለው መድኃኒት ጊዜ ያልፍበታል፤ ማስረጃውም ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እጅግ ወሳኝ ናቸው።

የማድ ቤቱ ነገር

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንምጣ። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በመሰሎቻቸው እህሎች ውስጥ የሚገኝ፣ ሊጡን የሚያያይዘው የፕሮቲን ዓይነት ነው። ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተነሥቶ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይጎዳል። ምግቡ በሚገባ ስለማይሰርግ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክሳት፣ ድካምና የደም ማነስ ይከተላሉ። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ እንዳለበት ይገመታል። የምግቡ ነገር የታወቀው በመከራ ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በኔዘርላንድ ረኃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ፣ ዊለም ዲከ የተባለ የሕፃናት ሐኪም በዚህ ሕመም የሚሠቃዩ ልጆች እየተሻላቸው መሄዳቸውን፣ ዳቦው ሲመለስም ሕመማቸው እንደ ተመለሰ አስተዋለ።

ወተት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የወተቱን ስኳር ላክቶስን የሚፈጨው ኢንዛይም በማነሱ የሚመጣ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ አንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፤ በሴሊያክ የተጎዳ አንጀት ላክቶስን መፍጨት ያቅተዋልና። ለዚህም ነው ከሁለቱም መጠበቅ ያለባቸው ሰዎች የሚያጋጥሙን። በሴት ላይ ሲሆን ግን መታወቁ ይዘገያል። የደም ማነሷ በወር አበባ፣ ድካሟ በሥራ ብዛት፣ የሆድ ሕመሟ በጭንቀት ይመካኛል። ጠበል ብቻ ብላ ሐኪም ዘንድ ሳትሄድ የምትቆይም አለች። ጠበሉም ሐኪሙም ከእግዚአብሔር ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ምርመራው በደም፣ ካስፈለገም ከአንጀት ናሙና በመውሰድ ይደረጋል። ከምርመራው በፊት ስንዴ ማቆም ግን ውጤቱን ስለሚያሳስት አይገባም።

የሚገርመው የእኛ ጾም ለእንዲህ ዓይነት ሰው ዕረፍት መሆኑ ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ በፍልሰታ፣ በረቡዕና በዓርብ ከቤታችን ወተትና ቅቤ ይወጣሉ። ጤፍ ደግሞ ግሉተን የለውም፤ ጤፏም ከደጃችን ናት፤ ከአድአ ማሳ፣ ቁንጮ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣበት ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማእከል አካባቢ። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የሽምብራ ዓሣ ሁሉ ሊበሉ ይችላሉ። ፈተናው የሚመጣው በፍስኩ ነው፤ ድፎ ዳቦው፣ በብቅል የተጠመቀው ጠላ፣ ቅቤ የገባበት ወጥ፣ በአርሲ በኩል ገብስና ቅቤ ተለውሶ የሚቀርበው ጭኮ። በበዓለ ኀምሳ ሃምሳውን ቀን ሙሉ ደስ ብሏቸው የሚበሉ ሰዎች መካከል ተቀምጣ የምትጾም እኅት ልትኖር ትችላለች።

በጾሙም ቢሆን የሚያስቱ ነገሮች አሉ። በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎና ገንፎ አይሆኑም። ለአራስ የሚሰጠው የአጃ አጥሚትም አጃው ከስንዴና ከገብስ ጋር የሚበቅልና የሚፈጭ ስለሆነ ያሠጋል። ትልቁ ችግር ግን ወፍጮ ቤት ነው። አንድ ድንጋይ ስንዴ ፈጭቶ ወዲያው ጤፍ ሲፈጭ የመጀመሪያው ዱቄት ድብልቅ ይሆናል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ጤፍ በኋላ እንዲፈጭ ወረፋ መጠበቅ፣ ወይም ሁለት ሦስት ቤት ተባብሮ ጤፉን በአንድ ቀን ማስፈጨትና መጀመሪያ የወጣውን ለጤነኞቹ መተው ይሻላል። ሽሮውም እንዲሁ። ጤፍ ሲወደድ ሊጡ ውስጥ የሚጨመረው ገብስ ወይም ፊኖ ዱቄት ከእርሾው ጋር ስለሚቆይ ለታማሚዋ የተለየ ቡሃቃና ከንጹሕ ጤፍ የተጀመረ እርሾ ያስፈልጋል። አምባሻና ቂጣ የሚጋገርበት ምጣድም መለየት አለበት። ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ምን እንደ ተቀላቀለበት ስለማይታወቅ ለእርሷ አይመከርም። ለወተቱ ደግሞ የሱፍ ወይም የኑግ ወተት ይተካል። የተነጠረ ቅቤ ላክቶሱ ጥቂት ስለሆነ አንዳንዱን አይጎዳውም፤ የወተት አለርጂ ላለበት ግን አደጋ ነው።

አሁን ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? እህሉን የምትለቅመው፣ ሳይነጋ ወፍጮ ቤት የምትሰለፈው፣ አቡክታ አብሲቱን የምትጥለው ያችው የታመመችው እኅት ናት። ወፍጮ ቤቱ የሚገኘው ደግሞ ቀድመን ባነሣነው መንገድ ላይ ነው። ባል ወይም ወንድም ጤፉን ተሸክሞ ቢሄድ ክብሩ አይጎድልበትም፤ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ታይቷልና።

አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርባል፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው ስለ ቅዱስ ቁርባን ምን ያድርግ? የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ኅብስቱ ከንጹሕ ስንዴ እንዲሆን ያዝዛል፤ ይህም አይለወጥም። ነገር ግን በዚህ ምክንያት በዝምታ ከቁርባን መራቅ ተገቢ አይደለም፤ ማንም በራሱ መወሰን የለበትም። የሐኪሙን ቃል ይዞ ለንስሓ አባት በግልጽ መንገር ይገባል። አባቶችም ጉዳዩን እንደ ምክንያት ሳይሆን እንደ ሕመም ሊሰሙት ይገባል።

የትንሣኤ ሌሊት ሲደርስ ቅዳሴው የሚጠናቀቀው ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ነው። ያን ጊዜ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየሰፈሩ ተከፋፍለው ብቻቸውን የሚመለሱትን እኅቶችና እናቶች እስከ ደጃቸው እንዲያደርሱ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ስም ዝርዝርና ሰፈር መያዝ ያስፈልጋል፤ የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤም የግቢውን በርና የመንገዱን መብራት አስቀድሞ ያስፈትሽ። በየቤቱ ደግሞ ወጡ ቅቤ ሳይገባበት በትንሽ ድስት ተቀንሶ፣ ከንጹሕ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ ተለይቶ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ከዳቦው ጋር በአንድ መሶብ እንዳይሆን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።