ሣር ሲያረጅ መኖነቱ ስለ መቀነሱ

በየወረዳው ሕዝብ የምታስተዳድሩ ሹማምንትና ሰፊ መስክ ያላችሁ ባለ መሬቶች እንደምታውቁት፤ ክረምቱ ሠምሮ ድርቆሹ እንደ ኮረብታ ተከምሮ ሳለ፤ በየካቲትና በመጋቢት ከብቱ ከስቶ አጥንቱ ሲቈጠር፤ የላሚቱም ወተት ሲነጥፍ ይታያል። ባለ ከብቱም ነገሩን ሁሉ ለበሽታ ይሰጠዋል። በሽታ የለም አይባልም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከክምሩ ውስጥ ነው፤ ሣሩ የታጨደው ካረጀ በኋላ ነውና።

ሣር በለጋነቱ ከሞላ ጐደል ቅጠል ብቻ ነው። ሥጋና ወተት የሚሠራው ፕሮቲን የተባለው ምግብም የሚበዛው በቅጠሉ ነው። ሣሩ ዛላ ሊያወጣ ሲነሣ ግን አገዳው ይበዛል፤ ከቅጠሉ የነበረውንም ምግብ ወደ ዘሩ ይስባል። ዘሩ በስሎ ይረግፋል፤ ለከብቱ የሚቀረው አገዳው ነው። አገዳውም ሊግኒን በሚባል፤ እንጨትን እንጨት በሚያደርገው ነገር ይጠነክራል፤ ይህንንም ከብት ሊፈጨው አይችልም። በሞቃት አገር ሙቀቱ የሣሩን ዕድገት ስለሚያጣድፍ ይህ እርጅና ፈጥኖ ይደርሳል። ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ሰንበሌጥ በክረምት ለጋ ሳለ ከብት ይሻማበታል፤ በኅዳር ግን ሰው አጭዶ ቤት ይከድንበታል። ዝናም ለዓመታት የማያበሰብሰውን ክዳን የላም ሆድ በሁለትና በሦስት ቀን እንዴት አድርጎ ይፈጨዋል?

ላምም ሣሩን የምትፈጨው ብቻዋን አይደለችም፤ በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕዋሳት ይረዱዋታል፤ እነርሱም ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸውን ያቆማሉ። በ1960ዎቹ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር፤ በአውስትራሊያ ሚልፎርድና ሚንሰን የተባሉ ሊቃውንት የሞቃት አገር ሣሮችን መርምረው፤ በደረቁ መኖ ውስጥ ፕሮቲኑ ከመቶ 7 እጅ በታች ሲወርድ እንስሳው የሚበላው መጠን ራሱ እንደሚቀንስ አሳዩ። ያልተፈጨው ሣር በሆድ ይቈያልና፤ ከብቱ ሆዱ ሞልቶ ይራባል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል፤ አንድ መስክ ማበብ ሲጀምር ታጭዶ 30 ኩንታል ድርቆሽ ቢሰጥና ከመቶው 9 እጁ ፕሮቲን ቢሆን፤ ባለቤቱ 270 ኪሎ ፕሮቲን አገኘ። ያው መስክ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቈይቶ 40 ኩንታል ቢሰጥና ከመቶው 5 እጁ ቢሆን፤ ክምሩ በ10 ኩንታል ሲበልጥ ፕሮቲኑ ግን 200 ኪሎ ብቻ ነው። ድርቆሽ በእስርና በክምር እየተገመተ እስከ ተሸጠ ድረስ ባለ መስኩ ቢያዘገየው አይፈረድበትም፤ ገበያው የሚከፍለው ለብዛቱ ነውና። ስለዚህ ድርቆሽ የምታስገዙ ሹማምንት፤ አረንጓዴነቱንና የቅጠሉን ብዛት ሳታዩ አትዋዋሉ።

ታዲያ መቼ ይታጨድ ቢባል፤ ዛላው ብቅ ማለት ከጀመረበት እስከ ግማሹ እስኪያብብ ድረስ ነው። በዚህ ላይ ግን እውነተኛ ችግር አለ፤ በመስከረም ዝናሙ ገና አይወጣም፤ የታጨደውንም ሣር ዝናም ቢመታው ምግቡ ይታጠባል፤ ይሻግታልም። አለጊዜው ፈጥኖ ማጨድም ክምሩን ያሳንሳል፤ ሥሩንም ያደክማል። ስለዚህ ለቈላውም ለደጋውም አንድ ቀን ቈርጦ ማዘዝ ስሕተት ነው፤ ዝናሙ ጋብ ሲል መስኩን በየክፍሉ ማጨድ ይሻላል። መስኩ በጋራ የሚጠበቅ እንደ ሆነም፤ የሚከፈትበት ቀን በልማድ ሳይሆን የሣሩን ዛላ አይተው እንዲቈርጡት ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር መምከር የሹሙ ፈንታ ነው።

የዝሆን ሣር የተከለ ሰው ግን አበባ አይጠብቅ። አንድ ሜትር ያህል ሲደርስ፤ በዝናም ወራትም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እየደጋገመ ይጨደው። የሰው ቁመት ካለፈ አገዳው እንደ ሸንበቆ ስለሚሆን ከብቱ ቅጠሉን ለቅሞ ይተወዋል።

አርጅቶ የታጨደ ድርቆሽ ያለው ሰው ከለጋው ጋር ደባልቆ አይከምረው። ለጋው ለምትታለብ ላምና ለጥጃ ይቀመጥ፤ ያረጀው ለበሬዎች ይሰጥ፤ ከርሱም ጋር ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርበት በጨጓራው ያሉት ደቂቅ ሕዋሳት ፕሮቲን ስለሚያገኙ ደረቁን አገዳ እንኳ በተሻለ ይፈጩታል።