የዳነ ሰው ተመልሶ ሊጠፋ ይችላልን?

ባለፈው የትምህርት ዘመን አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን «ክርስቶስ አንድ ጊዜ ያዳነው ሰው ከቶ አይጠፋም» ሲል፣ ሌላው «ሳይጸና ድኛለሁ የሚል ራሱን ያታልላል» ይል ነበር። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ተደራረበ፤ ሁለቱም ወገኖች ያሸነፉ መስሏቸው ተኙ። ነገር ግን ጥግ ካለው አልጋ ላይ ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይናገር ያመሸ ጓደኛችን በማግሥቱ መንገድ ላይ አቆመኝና፣ «ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተውሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ትናንት ስትከራከሩ ስለ ራሴ ነበር የማስበው። እንግዲህ እኔ የትኛው ነኝ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

የታሪክ ተማሪ እንጂ የሥነ መለኮት ተማሪ አይደለሁም። ስለዚህ ያደረግሁት አንድ የታሪክ ተማሪ ሊያደርግ የሚችለውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ከእኛ በፊት ይህን ጥያቄ የጠየቁት ሰዎች ምን እንዳሉና ምን እንዳደረጉ መመርመር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የሁለቱን ወገኖች መሠረት እንመልከት። «አይጠፋም» የሚሉት ጌታ በጎቹን ከእጁ የሚነጥቅ እንደሌለ የተናገረበትን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን፣ ጳውሎስም ከእግዚአብሔር ፍቅር የሚለየን ፍጥረት እንደሌለ የጻፈበትን የሮሜ ምዕራፍ 8ን ይጠቅሳሉ። «ይጠፋል» የሚሉት ደግሞ ሰማያዊውን ስጦታ ከቀመሱ በኋላ ስለ ወደቁ ሰዎች የሚያስጠነቅቀውን የዕብራውያን ምዕራፍ 6ን፣ እንዲሁም ጳውሎስ ለሌሎች ሰብኮ ራሱ እንዳይጣል ሥጋውን እንደሚጐስም የተናገረበትን 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9ን ያነሣሉ። ሁሉም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የተጻፉ ናቸው፤ አንዱን ወገን መሃይም ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ችግሩ በከፊል ከግሡ የሚመጣ ይመስለኛል። ጳውሎስ ስለ መዳን የሚናገረው በሦስት ጊዜያት ነው። በኤፌሶን ምዕራፍ 2 የተፈጸመ ነገር አድርጎ ይናገራል፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 በመፈጸም ላይ ያለ ያደርገዋል፤ በሮሜ ምዕራፍ 5 ደግሞ ገና ወደፊት የሚመጣ ነው። «አይጠፋም» የሚለው ሰው በአብዛኛው የሚያስበው የመጀመሪያውን ነው፤ እግዚአብሔር የሠራውን ሥራ ማን ያፈርሰዋል? «ይጠፋል» የሚለው የሚያስበው የመጨረሻውን ነው፤ መንገደኛው ገና ሳይደርስ ደርሷል እንዴት ይባላል? በዚያ ምሽት ሁለቱ ጓደኞቼ አንድ ቃል ይዘው ስለ ሁለት ነገር ይከራከሩ ነበር።

ጥያቄው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሰው ሕይወት ላይ በከባዱ የወደቀው በሦስተኛው መቶ ዓመት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዳክዮስ በ250 አካባቢ የሮማ ግዛት ነዋሪዎች ለአማልክት እንዲሠዉና መሠዋታቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲቀበሉ አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዳንዶቹ በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል። እምቢ ብለው የሞቱ ነበሩ፤ ብዙዎች ግን ሠዉ፤ ሌሎች ሳይሠዉ በገንዘብ ወረቀቱን ገዙ። ስደቱ ጋብ ሲል እነዚህ ሰዎች እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተመለሱ።

ምን ይደረጉ? በሮም ኖቫትያን የተባለው ካህን ቤተ ክርስቲያን ልትቀበላቸው አይገባም አለ፤ እግዚአብሔር ይቅር ቢላቸው እርሱ ያውቃል፣ እኛ ግን በሩን አንከፍትም ማለቱ ነበር። በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ግን በ251 ጉባኤ ሰብስቦ የወደቁትን እንደ ጥፋታቸው መጠን ንስሐ ሰጥቶ መቀበልን መረጠ። ወረቀት የገዙት ቀለል ያለ፣ የሠዉት ከባድ ንስሐ ተሰጣቸው። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በ11ኛው ቀኖናው ማንም ሳያስገድዳቸው የካዱትን እንኳ 3 ዓመት ከሚሰሙት ጋር፣ 7 ዓመት ከሚሰግዱት ጋር፣ 2 ዓመት ደግሞ ያለ ቁርባን በጸሎት ብቻ ቆይተው እንዲመለሱ ፈቀደ። አሥራ ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ ሆኖም መጨረሻ አለው።

የእኛም አገር ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ) ጦርነት ጊዜ ከክርስቲያኖቹ ብዙዎች ሃይማኖታቸውን ለወጡ። ጦርነቱ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ1543 ሲያበቃ የመመለስ ጥያቄ ተነሣ። መጽሐፈ ቄድር የሚባለው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን ሰዎች በጸሎትና በተባረከ ውሃ የሚቀበሉበትን ሥርዓት የያዘ ነው። ይህ ሁለተኛ ልደት አይደለም፤ የልጅነት ጥምቀት አይደገምም። የንስሐ ሥርዓት ነው።

በአውሮፓ የተሐድሶ ዘመን ክርክሩ እንደገና ጋለ። የሉተራውያን የ1530 የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በአንድ አንቀጽ ሁለት ወገኖችን ያወግዛል፤ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትንና የወደቀውን አንቀበልም የሚሉትን የኖቫትያን ተከታዮች። የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ በ1547 ጸጋ በሞት ኀጢአት እንደሚጠፋ፣ በንስሐም እንደሚመለስ ወሰነ። በሆላንድ የአርሚንዮስ ተከታዮች በ1610 ባቀረቡት ጽሑፍ አማኝ ፈጽሞ ሊወድቅ ይችል እንደ ሆነ ገና መመርመር አለበት ሲሉ፣ በ1618 እና በ1619 በዶርድሬክት ከተማ የተቀመጠው የካልቪናውያን ጉባኤ እውነተኛ አማኝ ፈጽሞ አይጠፋም ብሎ ደነገገ። ነገር ግን ይኸው ጉባኤ አማኞች እንደ ዳዊትና እንደ ጴጥሮስ በከባድ ኀጢአት ሊወድቁ እንደሚችሉ፣ እግዚአብሔርም በንስሐ እንደሚመልሳቸው ጨምሮ አስተማረ።

ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ላለባብሰው አልፈልግም። ክዶ ሳይመለስ ስለ ሞተ ሰው አንዱ «ቀድሞም አልዳነም ነበር» ይላል፤ ሌላው «አግኝቶ አጣው» ይላል። እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ አደጋ አለው፤ የመጀመሪያው ሰነፉን ሊያስተኛ፣ ሁለተኛው የሚፈራውን ተስፋ ሊያስቈርጥ ይችላል። ዳሩ ግን ሁለቱም ፍርዶች የሚሰጡት ሩጫው ካለቀ በኋላ ነው። በሕይወት ያለን ሰው ጠፍተሃል ለማለት ከሁለቱ አንዱም ሥልጣን አይሰጠንም። ለወደቀና ገና ለሚተነፍስ ሰው የቆጵርያኖስ፣ የኒቅያ፣ የመጽሐፈ ቄድር፣ የአውግስቡርግ፣ የትሬንትና የዶርድሬክት መልስ አንድ ነው፤ ተመለስ ይላሉ። ከዚህ የተለየው ኖቫትያን ነው፤ እርሱም ቢሆን በሩን የዘጋው በቤተ ክርስቲያን በኩል እንጂ በእግዚአብሔር በኩል አልነበረም።

እንግዲህ በዚያ ምሽት የተሳሳትነው መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ «ሊጠፋ ይችላልን?» ብለን ስንጮህ፣ ዝም ያለው ጓደኛችን «ልመለስ እችላለሁን?» እያለ ነበር። የመጀመሪያውን የጠየቅነው ሁላችንም ከቤተ ክርስቲያን ያልራቅን ነበርን፤ ሁለተኛውን የጠየቀው የራቀው ሰው ነው። ለዚህኛው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከ1,700 ዓመት በላይ ያልተለወጠ መልስ አለው።

ይህን ለጓደኛዬ ነገርሁት። አዳመጠኝና፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ግን ብዙ ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ይሂድ አይሂድ አልጠየቅሁትም፤ የእርሱና የአምላኩ ጉዳይ ነው። ከአንባብያን መካከል የተለየ አስተያየት ያለው ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ደስ ይለኛል። በመኝታ ክፍል የሚከራከር ግን፣ ከመጀመሩ በፊት ጥግ ካለው አልጋ ላይ ማን እንደ ተቀመጠ ዞር ብሎ ይመልከት።