አንድ ፕሮሰሰር፣ ሁለት ዋጋ



ሜይንፍሬም የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመጀመሪያ ዓመት ሞጁል ነው። የኮምፒዩተር ዓይነቶች በሚለው ምዕራፍ ውስጥ «ትልቅ፣ ውድ፣ ብዙ ተጠቃሚ የሚያስተናግድ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ እኛም ለፈተና ሸምድደን እንረሳዋለን። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ የሚመስለንም ለዚህ ነው። ነገር ግን አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360 ብሎ ያስተዋወቀው የማሽን ዘር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ በ2025 የወጣው ዚ17 የዚያው ዘር ልጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ታላላቅ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ዛሬም ሒሳባቸውን የሚያወራርዱት በእነዚህ ማሽኖች ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን ከዐስር ሶላት በኋላ በምናደርገው የጥናት ቡድን ውስጥ አንድ የአካውንቲንግ ተማሪ ያነሳው ጥያቄ ነው። «ሻጩ ያንኑ ዕቃ ለአንዱ ሥራ በውድ፣ ለሌላው ሥራ በርካሽ ይሸጣል፤ በርካሽ የገዛኸውን ለውዱ ሥራ እንዳታውለውም ይቆልፍብሃል። ይህ ንግድ ነው ወይስ ማጭበርበር?» አለን። የኮምፒዩተር ተማሪዎች ነን ባዮቹ ወዲያው መመለስ አልቻልንም። ምክንያቱም መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ነበረብን።

የሜይንፍሬም ዋናው ሥራ ሠሪ መደበኛ ፕሮሰሰር ሲሆን ባለሙያዎቹ ሲፒ ይሉታል። ዚ/ኦኤስ የተባለውን ዋናውን ኦፐሬቲንግ ሲስተምና በላዩ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ ያሠራል። ከእሱ ጎን ልዩ ፕሮሰሰሮች አሉ። አይኤፍኤል የሚባለው ሊኑክስን ብቻ የሚያሠራ ሲሆን የመጣው በ2000 ነው። በ2004 ለጃቫ ፕሮግራሞች ተብሎ «ዛፕ» ወጣ። በ2006 ደግሞ «ዚፕ» ተከተለ፤ ይህኛው በኔትወርክ ወደ ዲቢ2 ዳታቤዝ የሚመጡ ጥያቄዎችን ከፊል ሥራና ሌሎች የተመረጡ ሥራዎችን ይወስዳል። ኋላ የዛፕ ሥራ ለዚፕ ተሰጥቶ ዛፕ ከገበያ ወጥቷል። የማሽኑን የግቤትና ውጤት ሥራ የሚያግዙና ብዙ ማሽኖችን የሚያስተባብሩ ሌሎችም አሉ፤ ለዛሬ እንለፋቸው።

ስሙን የሰማ ሰው ለሊኑክስ የተለየ ቺፕ፣ ለጃቫ የተለየ ቺፕ የተሠራ ይመስለዋል። እኛም መስሎን ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሁሉም በአካል አንድ ናቸው። ከፋብሪካ የሚወጣው ማሽን ውስጥ ያሉት ኮሮች እኩል ናቸው፤ የትኛው ሲፒ፣ የትኛው አይኤፍኤል፣ የትኛው ዚፕ እንደሚሆን፣ የትኛውም ጨርሶ ሳይበራ ተኝቶ እንደሚቀር የሚወስነው በማሽኑ ውስጥ ያለው ማይክሮኮድ ነው። አይኤፍኤል ዚ/ኦኤስን የማያስነሳው አቅም አንሶት ሳይሆን ማይክሮኮዱ ስለማይፈቅድለት ነው።

የባሰ የሚገርመው ደግሞ አለ። አይቢኤም መደበኛውን ፕሮሰሰር ፍጥነቱ ሆን ተብሎ በተቀነሰ ደረጃም ይሸጣል፤ አነስተኛ ደንበኛ አነስተኛ አቅም በአነስተኛ ዋጋ እንዲገዛ። ልዩ ፕሮሰሰሮቹ ግን ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነታቸው ይሠራሉ። ስለዚህ በአንዳንድ ማሽን ላይ ረዳቱ ከዋናው በብዙ ይፈጥናል። ይህን በምህንድስና ብቻ ለመረዳት የሞከረ ሰው ግራ ይገባዋል። የሚፈታው በሒሳብ ነው፤ የአካውንቲንጉ ልጅ ከእኛ ቀድሞ የሸተተው ይህንን ነው።

በሜይንፍሬም ዓለም ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ ብረቱ ሳይሆን ሶፍትዌሩ ነው። የዚ/ኦኤስና የአጃቢዎቹ ፕሮግራሞች ክፍያ በየወሩ የሚታሰብ ሆኖ ኤምኤስዩ በሚባል የአቅም መለኪያ ይሰላል። በተለመደው ስሌት የሚታየው በወሩ ውስጥ በጠቅላላ የተሠራው ሥራ አይደለም፤ በየአራት ሰዓቱ እየተንከባለለ ከሚወሰደው አማካይ ውስጥ ከፍተኛው ነው። የግቢያችንን የውዱእ ቧንቧ አስቡ። የውሃ ሒሳቡ የሚመጣው በወሩ በፈሰሰው ውሃ ልክ ሳይሆን እጅግ በተጨናነቁት አራት ተከታታይ ሰዓታት ልክ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ የጁሙዓ ቀን የወሩን ክፍያ ይወስነው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቧንቧው ቢደርቅም አንድ ሳንቲም አይቀንስም።

በልዩ ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ሥራ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። አንድ ባንክ የጃቫ ሥራውን ወደ ዚፕ ቢያዞር ከፍተኛው ሰዓት ዝቅ ይላል፤ ወርሃዊ ክፍያውም አብሮ ይወርዳል። ዚፑ ሲሞላ ግን፣ አስተዳዳሪው ካልከለከለ በቀር፣ የተረፈው ሥራ ተመልሶ ወደ መደበኛው ፕሮሰሰር ይፈስሳል፤ ያኔ ቆጣሪው ይቆጥራል። የሲስተም አስተዳዳሪዎች የትርፍ ሥራውን መጠን በንቃት የሚከታተሉት ለዚህ ነው።

አይቢኤም እንዲህ ያለ አሠራር ውስጥ የገባው ወዶ አይመስለንም። በ1990ዎቹ ሜይንፍሬም ሞተ ይባል ነበር። ስቱዋርት አልሶፕ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ጸሐፊ በ1991 የመጨረሻው ሜይንፍሬም በመጋቢት 1996 ከሶኬት ይነቀላል ብሎ ቀን ቆርጦ ነበር፤ ቀኑ አለፈ፣ ማሽኑ ቆየ፣ እሱም ኋላ ስህተቱን አምኗል። ፍርሃቱ ግን መሠረት ነበረው። አዳዲስ ሥራዎች ሁሉ ወደ ርካሽ ሰርቨሮች ይሄዱ ነበር። አዲሱን ሥራ ሜይንፍሬም ላይ መጫን የአቅም መለኪያውን ስለሚያሳድግ የአሮጌውን ሶፍትዌር ክፍያም አብሮ ያንረዋል። ዋጋውን ለሁሉም መቀነስ ደግሞ የቆየውን ገቢ መናድ ነው። መፍትሔው ለአዲሱ ሥራ ብቻ የሚከፈት ርካሽ በር ማበጀት ሆነ። ልዩ ፕሮሰሰር ማለት ያ በር ነው።

በዚህ በር በብዛት የገባው ሊኑክስ ነው፤ የሰርቨሮች ማጠቃለል የሚባለው ነገርም ከዚህ ይነሳል። አንድ ድርጅት ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ ሰርቨር ሲገዛ እያንዳንዱን የሚለካው በሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ መብራትና ማቀዝቀዣ እየበላ ሥራ ፈቶ ይቆማል። የግቢያችን ካፌ የሚጨናነቀው በምሳ ሰዓት፣ የውዱእ ቦታው ከመግሪብ በፊት፣ ላይብረሪው ማታ ነው። ለሦስቱም በየራሳቸው የጭንቅ ሰዓት ልክ ሠራተኛ ከመቅጠር እየተዘዋወረ የሚያግዝ አንድ ቡድን ቢኖር ቁጥሩ በጣም ያንሳል። ዚ/ቪኤም የተባለው ሶፍትዌር በጥቂት አይኤፍኤሎች ላይ እጅግ ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮችን የሚያኖረው በዚሁ ስሌት ነው። አይቢኤም ራሱ በ2007 ወደ 3,900 የሚጠጉ የራሱን ሰርቨሮች ወደ 30 ገደማ ሜይንፍሬሞች ለማጠቃለል ማቀዱንና ኤሌክትሪክ ፍጆታውም በ80 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ መጠበቁን አስታውቆ ነበር። በኮር ቁጥር የሚያስከፍል የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላለው ድርጅት ደግሞ ከመብራቱ ይልቅ የኮሮቹ ቁጥር መቀነስ የበለጠ ያተርፈዋል።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ጭንቆቹ ሲለያዩ ብቻ ነው። ሁሉም አገልግሎት በአንድ ሰዓት ከተጨናነቀ፣ የፈተና ውጤት በተለቀቀበት ሰዓት እንደሚሆነው፣ ማጠቃለሉ ምንም አያተርፍም። ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት የሚያሰላ የምርምር ሥራም እዚህ ቦታው አይደለም፤ ተራ ሰርቨር ይረክሰዋል። በአንድ ማሽን ላይ ሁሉን ያከማቸ ድርጅት ማሽኑ ቢቆም ሁሉም ይቆምበታል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ማሽን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ይህም ወጪ አለው። ማጠቃለልን የሚሸጡ ሰዎች ይህን ወጪ በትንሽ ፊደል ይጽፉታል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ጥያቄውን ፍርድ ቤት ያደረሰው ጉዳይም አለ። ኒዮን ኢንተርፕራይዝ ሶፍትዌር የተባለ የቴክሳስ ኩባንያ በ2009 ዚፕራይም የሚባል ፕሮግራም አወጣ። ፕሮግራሙ ለልዩ ፕሮሰሰር ያልተፈቀዱ ሥራዎችን እዚያ እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። ኒዮን ደንበኛው የገዛውን ዕቃ እንዳይጠቀም የሚከለክል ውል የለም አለ፤ አይቢኤም ደግሞ ድርጊቱ የደንበኞችን የፈቃድ ውል ያስጥሳል አለ። በታኅሣሥ 2009 ኒዮን ከሰሰ፣ በጥር 2010 አይቢኤም መልሶ ከሰሰ። በ2011 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ኒዮን ዚፕራይምን ማከፋፈሉን አቆመ፤ ደንበኞቹም ከማሽናቸው እንዲያነሱት ጠየቀ።

በጥናት ቡድናችን ሁለት ወገን ሆንን። ግማሾቻችን «ከፍዬበታለሁ፣ ንብረቴ ነው» አልን፤ ግማሾቻችን «የተገዛው ብረቱ ነው፣ ማይክሮኮዱ ግን በሸርጥ የተሰጠ ነው» አልን። ፈትዋ የመስጠት ዕውቀቱም ሥልጣኑም የለንም፤ ይህ የሙዓመላት ፊቅህ የተማሩ ኡስታዞች የሚመለከቱት ነው። እኛ ማቅረብ የምንችለው ለእነሱ ፍርድ የሚያስፈልገውን እውነታ ነው፤ ገዢው ሲፈርም ኮሩ ለምን ሥራ እንደሚውል ያውቃል፣ የተሸሸገበት ጉድለት የለም፣ ዋጋው የረከሰለትም በዚያው ሸርጥ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ማጭበርበር» የሚለው ቃል ለእኛ በዛ። ይልቅ ክብደት ያለው ሌላ ቅሬታ አለ። በ2000 አካባቢ አምዳልና ሂታቺ ተመሳሳይ ማሽን ከመሥራት ወጡ፤ በዚ/ኦኤስ የተጻፈ የአርባ ዓመት ፕሮግራም ያለው ባንክ ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ ከባድ ሆነበት። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2010 በአይቢኤም ላይ ምርመራ ከፍቶ ነበር። በሌሎች ኮምፒዩተሮች ላይ ሜይንፍሬምን ስለሚመስሉ ሶፍትዌሮች የቀረበው ክፍል አቤቱታዎቹ ሲነሱ ተዘጋ፤ ስለ ጥገና የቀረበው ደግሞ በ2011 መጨረሻ አይቢኤም ለሌሎች ጠጋኞች መለዋወጫና ቴክኒካዊ መረጃ ለማቅረብ ግዴታ ገብቶ አለቀ። ሸርጡን አንብቦ የሚፈርም ሰው ነፃ ነው የሚባለው ሌላ ሻጭ ሲኖር ነውና፣ ክርክራችን እዚህ ላይ ሳይቋጭ መግሪብ ደረሰ።

ነገሩን በእጃችሁ መሞከር ለምትፈልጉ ሁለት መንገድ አለ። አይቢኤም ዚ ኤክስፕሎር የሚባለው የመማሪያ መድረክ በነፃ ተመዝግባችሁ እውነተኛ ሜይንፍሬም ላይ እንድትሠሩ ያደርጋል። ኢንተርኔቱ ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ ሄርኩለስ አለ፤ በተራ ላፕቶፕ ላይ ሜይንፍሬምን የሚመስል ነፃ ሶፍትዌር ነው። የዛሬውን ዚ/ኦኤስ በላዩ መጫን ፈቃዱ አይፈቅድም፤ ኤምቪኤስ 3.8 የተባለው የ1970ዎቹና የ80ዎቹ አሮጌ ሲስተም ግን ክፍት ነው። በሄርኩለስ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚነገርበት አንድ መስመር አለ። ሲፒውን ወደ አይኤፍኤል ለመለወጥ እዚያ መስመር ላይ የምትቀይሩት ሁለት ፊደል ነው።